ለመናፈሻው ኃላፊ፣ ካልታዩት ስድሳ ሦስት ሰዎች አንዷ

በራ! በራ እኮ! ትናንት ምሽት አንድ ሰዓት ሲል የሜዳችን መብራት በራ፤ አንደኛው ብልጭ ብሎ፣ ሁለተኛው ተከትሎት፣ ሦስተኛው ትንሽ አንገራግሮ፣ አራቱም በሩ፤ ባለቤቴም ክንዴን ይዞ የሜዳውን መንገድ አንድ ጊዜ ዞረው፣ ከዚያ እኔ «ይበቃሃል» እያልኩት እሱ «አይበቃኝም» እያለ ሁለተኛ ዞረው። ይህን ሳልተነፍስ ሰላምታ ማቅረብ አቅቶኝ ነውና ይቅርታዎን እየለመንኩ አሁን ወደ ሥርዓቱ እመለሳለሁ።

ለተከበሩ የመናፈሻ፣ የመዝናኛ ሥፍራዎችና የመብራት ዝግጅት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ማኅተምዎ እንደምን ናቸው? እኛ ከትናንት ምሽት ጀምሮ እርስ በርሳችን መተያየት በመቻላችን እጅግ ደኅና ነን፤ እንዲያውም ጎረቤቴ ለሰባት ዓመት በድምፅዋ ብቻ ሳውቃት ኖሬ ትናንት ሳያት ለካ ከእኔ ታጥራለች።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ደፍሬዎ አይደለም። ከዚህ ቀደም በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ እንደታሸጉ በክብር መቀመጣቸውን ጸሐፊዎ መሳቢያ ከፍታ በደግነት ስላሳየችኝ፣ ይኼኛውን ሳላሽገው ብልክልዎ ከመክፈት ድካም አሳርፍዎታለሁ ብዬ ነው።

ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ። በልብስ ስፌት ቤት የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ የምውል፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩ፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ወሬ ታበዣለሽ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፤ ስፌት መኪና አጠገብ ሃያ ዓመት የተቀመጠች ሴት ጮክ ብላና አብዝታ ካላወራች ማን ይሰማታል? ባለቤቴ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ባለፈው ዓመት ስትሮክ ግራ ጎኑን መታው። ነፍሱን ፈጣሪ ተወልን፤ እግሩና ምላሱ ግን ከበዱ። ሆስፒታል እግሩን የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት ወደ ጎን ወስዳኝ «በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ ደልዳላ መሬት ላይ፣ ሰው ይዞት ይሂድ። ይኼ እግር ከተመለሰ የሚመለሰው በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልዋሽሽም እህቴ» አለችኝ። እኔ ከሥራ ወጥቼ ቤት የምደርሰው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ልጆቹ ከእኔም ያመሻሉ። እኔ ስደርስ ፀሐይዋ የለችም፤ በሠፈራችን ያለው ደልዳላ መሬት ደግሞ እርስዎ ያሠሩት የሜዳው መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም ዐይን ቢያወጡ የማይታይ ጨለማ። ስለዚህ ባለቤቴ ባለ ስድስት ወንበሩን የምግብ ጠረጴዛችንን በየምሽቱ አርባ ጊዜ ይዞር ነበር። ብፌው ጥግ ላይ ሲደርስና ሲደክመው «ወራጅ አለ!» ብሎ ይቀመጣል። እኔ እስቃለሁ፤ ከዚያ ማድ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።

እንግዲህ ጉዳዩ ይኸው ነው። እግሩ አንድ ዓመት ተሰጥቶታል፤ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ደግሞ «በሂደት ላይ ነው» የምትለውን ቃል ተሰጥቷታል። ከሁለቱ ማን እንደሚቀድም ስጠባበቅ ያየሁትን ሁሉ ከዚህ በታች በቁጥር አስቀምጬዋለሁ። አቤቱታ ለማለት አፌ ስለማይደፍር የምስጋና ነጥቦች ልበላቸው።

አንደኛ፤ በጽሕፈት ቤትዎ መግቢያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ስላስቀመጡልን የመናፈሻችን ሞዴል ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኛ በድንጋይና በቦይ መካከል ስንደናቀፍ፣ እዚያ ውስጥ ጣት የማታህል ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴትዮ ለሰባት ዓመት ሙሉ ስትንሸራሸር ኖራለች፤ የስንዴ ቅንጣት የሚያህሉት አምፖሎችም ቀን ሌሊት ሳይሉ ይበራሉ፤ አንዱም ሲቃጠል ወዲያውኑ እንደሚቀየር ጽዳት ሠራተኛዋ መስክራልኛለች። የቅናት ኃጢአት ካለብኝ በዚያች በፕላስቲኳ ሴትዮ ነው። አንድ ቀን ባለቤቴን ወስጄ አሳየሁት። ምላሱ ቶሎ ስለማይታዘዝለት ብዙ ቆይቶ «እዚህ ውስጥ… የሚከራይ ቤት… አለ?» ብሎ ጥበቃውን ጠየቀው። ጥበቃውም «አባባ፣ ለእሱም ወረፋ አለ» አለው። ጥበቃዎ የማዕረግ ዕድገት ይገባዋል።

ሁለተኛ፤ የነዋሪውን አስተያየት ሳይሰሙ ምንም እንደማይሠሩ በስብሰባ ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን። ስብሰባው የተጠራው በሥራ ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስለነበረ፣ ከሠፈራችን የተገኙት ጋሼ መምህርና ዝናብ ያስጠለለው አንድ መንገደኛ ብቻ ነበሩ። ጋሼ መምህር ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ «መብራት ይቅደም» ብለው ቆመው ተናገሩ። ቃለ ጉባኤው ግን ነዋሪው ፏፏቴ እንዲቀድም በሙሉ ድምፅ እንደወሰነ ይገልጻል። ሁለት ሰው ተገኝቶ አንዱ ተቃውሞ እንዴት ሙሉ ድምፅ እንደሚሆን ጋሼ መምህር አርባ ዓመት ያስተማሩትን ሒሳብ ሁሉ አገላብጠው አላገኙትም። ፏፏቴው ተሠርቷል፤ ያምራልም። ውኃ እየጠበቀ ነው።

ሦስተኛ፤ ይህችኛዋ ረዘም ትላለችና ከቻሉ ሻይዎን ይዘው ያንብቧት። መብራት እንዲገባልን ደጋግመን ስንወተውት «በምሽት ሜዳውን የሚጠቀም ሰው መኖሩ በቆጠራ ይረጋገጥ» የሚል ደብዳቤ ጻፉልን። ጨለማ ስለሆነ ሰው አይመጣም፤ ሰው ስለማይመጣ መብራት አይገባም፤ ይህን የመሰለ ክብ ነገር ባለቤቴ እንኳ በጠረጴዛው ዙሪያ አልዞረውም። ቢሆንም ታዘዝን። ደብዳቤው «ቆጠራው የሚካሄደው አካባቢው ባለበት ሁኔታ ነው» ስለሚል፣ ጋሼ መምህር ሠፈሩን ሰብስበው መመሪያ ሰጡ፤ ባትሪ የሚያበራ፣ ስልክ የሚያበራ እንዳይኖር፣ ኋላ «አጭበረበሩ» እንዳንባል፤ ደግሞም ማንም እንዳይንቀሳቀስና እንዳያወራ፣ ቆጣሪው አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ኋላ ቁጥሩ እንዳይበላሽብን። ሬዲዮ የምንላት ጎረቤታችን፣ በሠርግም በለቅሶም አፏ የማይዘጋው፣ «ካልተነፈስኩ እሞታለሁ» ብትልም «ለአንድ ምሽት አትሞቺም» ተባለች።

በተባለው ምሽት ስድሳ ሦስት ሰው መንገዱን ተከትለን እንደ ተማሪ ሰልፍ ተሰልፈን ቆምን። ባለቤቴ በአንድ እጁ ምርኩዙን፣ በሌላው እኔን ይዞ ቆመ። ኮሽ የሚል ድምፅ የለም። ከቢሮዎ የመጡት ባለ መነጽር ሰው፣ የልጆች አባት የሚመስሉ ጨዋ፣ ሞተራቸውን ፊቱን ወደ ውጭ አዙረው አቁመው ወደ ሜዳው ጠርዝ መጡ። ግራ አዩ። ቀኝ አዩ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ቅጻቸውን ወደ ሞተሩ መብራት አዙረው አንዲት ነገር ጻፉ። ኋላ እንደሰማነው የጻፏት «ተጠቃሚ አልታየም» የምትል ነበረች፤ ይህንንም ያለ አንዳች ውሸት የጻፉት ነው፤ እኔም ብሆን ከባለቤቴ ክንድ በቀር ያየሁት ሰው አልነበረም። እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ ነው እንዳልል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም፤ ለመቆጠር ወጥቶ ራሱን የደበቀ ሠፈር ከእኛ በቀር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

ሰውየው የሚሰማ ድምፅ ካለ ብለው ሞተራቸውን አጥፍተው ቅጹን ኪሳቸው ከተቱና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ፣ ለቧንቧ ተቆፍሮ ሳይደፈን ሦስት ዓመት የሞላው ቦይ ዋጣቸው። በዚህ ጊዜ መመሪያ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ከጨለማው ውስጥ ስድሳ ሦስት አፍ ባንድነት «እኔን!» አለ።

የዚያን ሰው ድንጋጤ መግለጽ አልችልም። ከቦይው ውስጥ «እናንተ እነማን ናችሁ?» አሉ። ሬዲዮ ታፍና ስለቆየች ፈጥና «ተጠቃሚዎች ነን!» አለች። ጎትተን አወጣናቸው፣ ጉልበታቸውን አሸንላቸው፣ መነጽራቸውን ፈልገን አገኘንላቸው። ከዚያ በኋላ የሠሩትን ግን በሕይወት ሳለሁ አልረሳላቸውም። «እንግዲያው በድምፅ ልቁጠራችሁ፤ ተራ በተራ ቁጥራችሁን በሉ» አሉን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ሄደን እኔ ሠላሳ ሰባት አልኩ። የባለቤቴ ተራ ደረሰ። «ሠ…» አለና ቆመ። እጁ እጄ ላይ ጠበቀ። «ሠላ…» አለ። እኔ ልልለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ክንዴን ጨመቀኝና ተውኩት። ከእሱ ቀጥላ የቆመችው ሬዲዮ ነበረች፤ እሷ እንኳ ዝም አለች። ያ ሁሉ ሰው በጨለማ ቆሞ አንድ ሰው አንዲት ቁጥር እስኪጨርስ ጠበቀ። «ሠላሳ… ስምንት» አለ በመጨረሻ። ቆጣሪውም «ሠላሳ ስምንት፤ መዝግቤአለሁ ጋሼ» አሉት። እቤት እንደገባን ባለቤቴ «ሰምተሽኛል?» አለኝ። ሰምቼዋለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ቅጹ። የእርስዎ ቅጽ «ስርዝ ድልዝ ያለበት ተቀባይነት የለውም» ስለሚል፣ ጨዋው ሰው «ተጠቃሚ አልታየም» ያሉትን ሊሰርዙት አልቻሉም። ስለዚህ በዋናው ሣጥን እሱው ተተወና «ምርመራ» በምትለው ጠባብ መስመር ላይ «በድምፅ ስድሳ ሦስት ተገኝተዋል፤ አንድ ሰው ቦይ ውስጥ ወድቋል» ብለው ጨመሩ። ጽሕፈት ቤትዎ ዋናውን ሣጥን አነበበች። ጠባቧን መስመር ለማንበብ መነጽር ሳያስፈልጋት አልቀረም። ከአንድ ወር በኋላ «በተደረገው የመስክ ምልከታ ተጠቃሚ ያልታየ በመሆኑ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ማኅተሙ ያማረ ደብዳቤ ደረሰን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ የእናንተዋ እንቁላል ግን ሄዳ ሄዳ ወደ ኋላ የምትመለስ ናት።

ያን ዕለት ባለቤቴ ጠረጴዛውን አልዞረም። «ተይው» ብሎኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ፊዚዮቴራፒስቷ ከሰጠችው ዓመት የቀረው አራት ወር ነበር። እኔም ወሬኛነቴ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀም ብዬ በነጋታው በር ለበር ዞርኩ፤ ሁሉም ከሥራው ፈቃድ ጠየቀ፤ ከዚያም በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በጠራራ ብርሃን፣ ቢሮዎ ያለበት ፎቅ ኮሪደር ላይ በግራና በቀኝ ተደርድረን ቆምን። አንዳችም አልተናገርንም። እርስዎ በር ከፍተው ወጥተው «ምንድን ናቸው እነዚህ ሁሉ?» ሲሉ ጸሐፊዎ ከጽሕፈቷ ቀና ሳትል «ያልታዩት ናቸው» አለችዎ።

ክቡርነትዎ ሳቁ። ሲስቁ ያምርብዎታል፤ በሥራ ሰዓት ለምን እንደሚደብቁት አላውቅም። ደብዳቤውን አስመጥተው ጠባቧን መስመር አነበቡ፤ ከዚያ ራስዎ ቆጠሩንና «ስድሳ ሁለት ናችሁ፤ አንዱስ?» አሉ። «ባለቤቴ ነው፤ ደረጃው አይሆንለትም፤ ታች ተቀምጧል» አልኩዎ። የሠፈሩ ሰው ምስክሬ ነው፤ ወረዱ። ሦስት ፎቅ በእግርዎ ወርደው ጨበጡት። ስለዚህኛው የማመሰግንዎ ያለ ምንም ተንኮል ነው፤ ቀልዱን ትንሽ ላስቀምጠውና ከልቤ ላመስግንዎ። እዚያው ጎንበስ ብለው መብራቱ እንዲገባልን የሚያዘውን ወረቀት በጉልበትዎ ላይ አድርገው ፈረሙልን።

አሁን ቀልዱን ላንሣው።

አምስተኛ፤ ከአራቱ ምሰሶዎች ሦስቱ መንገዱን ሲያበሩ አራተኛው የጽሕፈት ቤትዎን ስም የያዘውን ሰሌዳ እያበራ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ። ስምዎን በቃላችን ይዘነዋል፤ ጨለማ ውስጥ ስንት ጊዜ አንስተነዋል! ብርሃኑ ወደ ቦይው ቢዞርልን በስምዎ ላይ ምንም ጉዳት አይደርስም፤ ቆጣሪዎም በሚቀጥለው ጊዜ በደኅና ይመለሳሉ።

ስድስተኛ፤ በሜዳው መንገድ ዳር ያሉት ወንበሮች ሁሉ ፊታቸውን ወደ አጥሩ ግንብ አዙረው በሲሚንቶ ተተክለዋል። ሠራተኛው ፕላኑን ገልብጦ ይዞት እንደነበር ጋሼ መምህር ይጠረጥራሉ። ሬዲዮ ግን ትናንት ተቀምጣበት «ግንቡ ጥሩ አድማጭ ነው» ስላለች ይህችኛዋን አላጠብቃትም።

ሰባተኛና የመጨረሻዋ፤ ከመብራቱ ጋር አብሮ የደረሰን ወረቀት መብራቱ «ለሦስት ወር የሙከራ ጊዜ» እንደተፈቀደልን ይናገራል። ክቡርነትዎ፣ ጨለማው ሰባት ዓመት ሲቀመጥብን የሙከራ ጊዜ የሚባል አልተሰጠውም፤ በአንድ ቀን በቋሚነት ነው የተቀጠረው። ባለቤቴ ትናንት ሁለት ዙር ሄዷል። ዛሬ ሦስት ነው የሚለው። የእግሩ ዓመት ሊያልቅ ሁለት ወር ከሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ እርስዎ መብራቱን ሲያነሱ እኛ እግሩን ይዘን ካመለጥን ግድ የለኝም ልል ነበር፤ ግን ከእኔ በኋላ ሌላ ሴት፣ ሌላ ባል፣ ሌላ ጠረጴዛ ይኖራል። ስለዚህ «የሙከራ» የምትለዋን ቃል እንዲያነሡልን እለምናለሁ። ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም እንዳይሉኝ፤ አዲስ ወረቀት እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ጤና፣ ዕድሜ፣ ብርቱ ዐይንና ረጅም ትዕግሥት እየተመኘሁልዎ፤ ለወንበርዎ ምቾትን፣ ለማኅተምዎ ቀለምን፣ ለመሳቢያዎ ደግሞ አንድ ቀን መከፈትን እየለመንኩልዎ፤ በምሽት ታይታ የማታውቅ፣ ትናንት ግን የታየች፣ በቆጠራው ቁጥር ሠላሳ ሰባት የሆነች፣ ታዛዥና ወሬኛ ነዋሪዎ።

ድጋሚ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ የመብራቱ ምርቃት በእርስዎ መሪነት ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እንደሚከናወን የሚገልጽ የጥሪ ካርድ ደረሰኝ። መብራት ፀሐይ ላይ መመረቁ ለፎቶግራፍ እንደሚመች አልጠራጠርም፤ እኛ ግን ያን ሰዓት ሥራ ላይ ነን፤ ደግሞም የበራ ይሁን የጠፋ ከሥሩ ቆሞ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ሪባኑን ሐሙስ በሰላም ይቁረጡ፤ እኛ የምንመርቀው በራሳችን ቀን ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ፈቅዳለች፤ ባለቤቴ በዚያ ምሽት ክንዴን ለቆ፣ ምርኩዙን ብቻ ይዞ፣ አንድ ሙሉ ዙር ብቻውን ሊሄድ ነው። ቢወድቅ የሚያነሣው፣ ቢያደርስ የሚያጨበጭብለት ሰው ያስፈልገዋል። የቢሮ ሰውም ሆነ የሠፈር ሰው፣ የሚያውቀንም የማያውቀንም፣ ይህን ያነበበ ሁሉ ይምጣ፤ የፊታችን ቅዳሜ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ሲጨልም።